ከዌስትሚኒስተር እስከ ታወር ብሪጅ፦ የቴምዝን ደቡብ ዳር ሳትስቱ በእግር ለመጨረስ

ለንደን የመጣ እንግዳ ሁሉ «በወንዙ ዳር ወክ እናድርግ» ይላል። መንገዱ ሜዳ ነው፤ ርዝመቱ 4 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፤ ዳገት የለውም። እንዲያም ሆኖ ብዙው ሰው ሳይጨርሰው ይመለሳል። አንዱ በሰሜኑ ዳር ይጀምርና የመኪና ጭስ ሲጠጣ ይውላል። ሌላው ትልቁ ጎማ (ሎንደን አይ) ሥር ሁለት ሰዓት ተሰልፎ እግሩ ያልቃል። ሦስተኛው «ለንደን ብሪጅ ደረስን» ብሎ ከግራጫ የኮንክሪት ድልድይ ጋር ፎቶ ተነስቶ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ የፈለገው ባለ ሁለት ማማው ድልድይ ገና 1 ኪሎ ሜትር ገደማ ይቀረው ነበር።

ይህ መመሪያ ለእነዚህ ሦስቱ ነው። በመንገዱ ላይ ሰው ረግጧቸው የሚያልፋቸውን የጥበብ ሥራዎችም የት ቆማችሁ፣ ወዴት ዞራችሁ እንደምታዩአቸው ያሳያል።

ከመነሳታችሁ በፊት

ሰዓት። እዚህ የምጽፈው በእኛ አቆጣጠር ነው፤ የለንደኑን በቅንፍ አስቀምጣለሁ። ዓመታቱ ግን በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። ቀጠሮ ስትሰጡ የትኛውን እንደምትሉ ተናገሩ፤ ከአገር ቤት የመጣ ዘመድ «3 ሰዓት» ተብሎ ከሰዓት በኋላ ብቅ ሲል አይቻለሁ። ከማክሰኞ እስከ ዓርብ ባለው ቀን፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት (9፡00) ላይ ዌስትሚኒስተር ጣቢያ ተገኙ። የፓርላማው የወንዝ ፊት ወደ ምሥራቅ ስለሚመለከት የጠዋት ፀሐይ ፊት ለፊት ይመታዋል፤ ከሰዓት በኋላ ፎቶ ብታነሱት ጥቁር ጥላ ነው የሚወጣው። ቅዳሜ ከ6 ሰዓት (12፡00) በኋላ ግን አትምጡ፤ የምትራመዱት በሰው ትከሻ መካከል ይሆናል።

በመሸ ጊዜ መሄድ የሚፈልግም አለ። እንዲያ ከሆነ ከላምቤዝ ድልድይ እስከ ለንደን ብሪጅ ያሉ ዘጠኝ ድልድዮች በሊዮ ቪላሪል የመብራት ሥራ ቀስ እያሉ ቀለም ሲቀይሩ ታያላችሁ። በታኅሣሥ ፀሐይ የምትጠልቀው ወደ 10 ሰዓት (4፡00) ገደማ፣ በሰኔ ደግሞ ከምሽቱ 3 ሰዓት (9፡00) በኋላ ስለሆነ መነሻችሁን በዚያው ልክ አስሉ።

ካርድ። ባቡር ስትገቡ የነካችሁበትን ካርድ ስትወጡም እሱኑ ንኩ። በስልክ ገብታችሁ በባንክ ካርድ ከወጣችሁ መሣሪያው ሁለት ያልተጠናቀቁ ጉዞዎች ይቆጥርና ለእያንዳንዱ ከፍተኛውን ዋጋ ይቀንስባችኋል። ካርዱ አንድ ዓይነት ቢሆንም በስልኩ ውስጥ ያለውና በእጃችሁ ያለው ለመሣሪያው ሁለት የተለያዩ ናቸው። አንድ ካርድ ደግሞ ለአንድ ሰው ብቻ ነው፤ ለእንግዳችሁ ደግማችሁ አትንኩለት።

ልብስ። የወንዙ ነፋስ በሐምሌም ያበርዳል። ቀላል ጃኬት በቂ ነው። ጃንጥላ ግን ድልድይ ላይ ይገለበጣል፤ ኮፍያ ያለው የዝናብ ልብስ ይሻላል።

ስልክ። መቶ በመቶ ሞልታችሁ ውጡ። በእጃችሁ አንጠልጥላችሁ በመኪና መንገድ ጠርዝ ላይ አትቁሙ፤ በኤሌክትሪክ ብስክሌት እያለፈ የሚነጥቅ አለ። ካርታ ማየት ስትፈልጉ ጀርባችሁን ለግድግዳ ስጡ።

መኪና። ከአገር ቤት ለመጣ ሰው ትልቁ አደጋ ይህ ነው። እዚህ መኪና በግራ ስለሚሄድ መንገድ ስትሻገሩ መጀመሪያ ወደ ቀኝ ተመልከቱ። አስፋልቱ ላይ ወዴት እንደምታዩ የተጻፈበት ቦታ ብዙ ነው፤ አንብቡት።

ሁለቱ ሕጎች

ካርታ ሳታዩ ልትሄዱ የምትችሉት ሁለት ነገር ከጠበቃችሁ ነው።

አንደኛ፣ ወንዙ በግራችሁ ይሁን። በቀኛችሁ ከሆነ ወይ ወደ ኋላ እየሄዳችሁ ነው፣ ወይ ማዶ ተሻግራችኋል።

ሁለተኛ፣ ድልድይ ቁጠሩ። ከመነሻ እስከ መድረሻ አሥር ናቸው። ይህን በወረቀት ጻፉት፦

1. ዌስትሚኒስተር፦ አረንጓዴ
2. ሃንገርፎርድ፦ የባቡር ድልድይ ሆኖ ግራና ቀኙ በነጭ ዘንጎች የተንጠለጠለ የእግረኛ መንገድ ያለው
3. ዋተርሉ፦ ፈዛዛ ድንጋይ የለበሰ
4. ብላክፍራያርስ፦ ቀይና ነጭ
5. የብላክፍራያርስ የባቡር ድልድይ፦ ጣሪያው የፀሐይ ኃይል ሰሌዳ
6. ሚሌኒየም፦ ቀጭን፣ ለእግረኛ ብቻ
7. ሳውዝዋርክ፦ ቢጫና አረንጓዴ
8. ካነን ስትሪት፦ የባቡር
9. ለንደን ብሪጅ፦ ግራጫ፣ ጠፍጣፋ፣ ምንም የማይመስል
10. ታወር ብሪጅ፦ ሁለት ማማ፣ መሀሉ የሚከፈት

ዘጠነኛውና አሥረኛው አይምታቱባችሁ። በዓለም ፖስትካርድ ላይ ያለው አሥረኛው ነው።

ደረጃ 1፦ ከጣቢያው ወደ ድልድዩ

ዌስትሚኒስተር ጣቢያ ስትወርዱ መውጫ 1ን ተከተሉ፤ ወደ ጀልባ ማረፊያው የሚያወጣው እሱ ነው። ሌላ መውጫ ከወሰዳችሁ የፓርላማው አደባባይ መሀል ትወድቃላችሁና ሁለት መንገድ መሻገር ይጠበቅባችኋል። እንዲያ ከሆነ አትደንግጡ፤ 96 ሜትር ከፍታ ያለውን የሰዓት ማማ በቀኛችሁ አድርጋችሁ ወደ ወንዙ ተራመዱ።

የድልድዩ አፍ ላይ በግራ በኩል በሁለት ፈረስ በሚጎተት ሠረገላ ላይ የቆመች ሴት ታያላችሁ። ቡዲካ ናት፤ ሮማውያንን የወጋች ንግሥት። ሥራው የቶማስ ቶርኒክሮፍት ነው፤ በ1902 ነው እዚህ የቆመው። ከሥሯ ብትቆሙ የምታዩት የፈረስ ሆድ ብቻ ስለሆነ ጥቂት እርምጃ ወደ ድልድዩ ግቡና ዞራችሁ እዩአት።

ከዚያ በግራው የእግረኛ መንገድ ተሻገሩ። ፓርላማውን ከቀኙ ወገን ማንሳት ያምራል፤ ነገር ግን በድልድዩ መሀል መንገዱን አታቋርጡ፤ ከመኪናው ሌላ የብስክሌት መስመር አለ፣ ብስክሌተኛው ደግሞ አይቆምም። መብራት ያለበት ማቋረጫ ከድልድዩ ሁለት ጫፍ ነው።

ማስጠንቀቂያ። ድልድዩ ላይ ኩባያ ገልብጦ ኳስ የሚደብቅ ሰው ከከበቡት «አሸናፊዎች» ጋር ታገኛላችሁ። አሸናፊዎቹ ሁሉ የእሱ ሰዎች ናቸው። ለማየትም አትቁሙ፤ ዓይናችሁ ኩባያው ላይ ሳለ ኪሳችሁን የሚያየው ሌላ ነው። በአበባ መሳይ ነገር ደረታችሁን የሚነካካ ሰውም ከመጣ እጃችሁን አንሱና እለፉ።

ማዶ ስትደርሱ በግራ አንበሳ አለ። ድንጋይ የተጠረበ ይመስላል፤ ግን ኮድ ድንጋይ በሚባል ከሸክላ ተሠርቶ በምድጃ በተጋገረ ነገር የተሠራ ነው። ዕድሜው ከ1837 ጀምሮ ነው፤ ጸጉሩ ግን ዛሬም አልተሸረፈም። እጃችሁን ከእግሩ ሥር ካለው መደገፊያ አታሳልፉ፣ አትውጡበትም።

ደረጃ 2፦ ወደ ቀኝ ትንሽ ማዞሪያ (ጊዜ ካላችሁ)

ይህን ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ እኔ አልዘልም። ከድልድዩ ጫፍ በመብራት ወደ ቀኙ ወገን ተሻገሩና በደረጃው ወደ ወንዙ ዳር ውረዱ። እዚህ ብቻ ነው ወንዙ በቀኛችሁ የሚሆነው። በግራችሁ ያለው ረጅም ግድግዳ በቀይ ልብ ተሞልቷል። በኮቪድ ለሞቱ ሰዎች ከመጋቢት 2021 ጀምሮ በፈቃደኞች እጅ የተሳለ ነው፤ አንዱ ልብ አንድ ሰው ነው፤ ከ200,000 በላይ ናቸው፤ በብዙዎቹ ውስጥ ስም ተጽፏል። ወንዙን ተሻግሮ ፊት ለፊት ያለው ፓርላማው ነው።

ግድግዳውን ተደግፋችሁ ፎቶ አትነሱ። ሐዘንተኛ ቆሞ ካያችሁ በዝግታ አልፋችሁ ሂዱ። 500 ሜትር ያህል ስለሚረዝም እስከ መጨረሻው መሄድ ግድ አይደለም፤ በፈለጋችሁበት ተመለሱ።

ከግድግዳው ጀርባ በቅዱስ ቶማስ ሆስፒታል ግቢ አትክልት ስፍራ የሜሪ ሲኮል ሐውልት አለ፤ ጃማይካ ተወልዳ በክሪሚያ ጦርነት ቁስለኞችን ያስታመመች ሴት። በ2016 የቆመ የማርቲን ጄኒንግስ ሥራ ነው። ከኋላዋ ያለው ክብ የነሐስ ሰሌዳ ከክሪሚያ መሬት ላይ ቅርጹ የተወሰደ ነው። ከታች ከወንዙ ዳር አትታይምና በድልድዩ በኩል ወደ ሆስፒታሉ ግቢ ገብታችሁ ፈልጓት።

ደረጃ 3፦ ከጎማው እስከ ፌስቲቫል አዳራሽ

ወደ አንበሳው ተመልሳችሁ በደረጃው ወደ ወንዙ ውረዱ። የልጅ ጋሪ ወይም ዊልቸር ካላችሁ ደረጃውን ትታችሁ በዋናው መንገድ ቀጥሉና የመጀመሪያውን ወደ ግራ፣ ቤልቬዴር መንገድን ያዙ፤ ከትልቁ ሕንጻ ጀርባ ዞሮ ጎማው ጋ ያደርሳችኋል።

ሎንደን አይ 135 ሜትር ቁመት፣ 32 ክፍሎች፣ አንድ ዙር 30 ደቂቃ ነው። መሳፈር ከፈለጋችሁ ትኬቱን በፊት ቀን ቁረጡ። እዚያው ደርሳችሁ «እስኪ እንሰለፍ» ካላችሁ ቀኑ የእሱ ሆነ። ካልፈለጋችሁ ከወንዙ ጠርዝ ራቁና በቀኝ በኩል ባለው ሣር፣ ጁቢሊ ጋርደንስ ውስጥ እለፉ። ሕዝቡ ያለው አጥሩ ሥር ነው፤ በሣሩ መንገድ ነፋስ ያለው ባዶ ቦታ ነው።

እዚያው መናፈሻ ውስጥ ከእስፔን የእርስ በርስ ጦርነት ጋር የተያያዘ የዓለም አቀፍ ብርጌዶች መታሰቢያ አለ፤ እጃቸውን ወደ ላይ የዘረጉ የነሐስ ሰዎች። የኢያን ዋልተርስ ሥራ ነው፣ 1985። ስሙን ያዙት፤ ከአምስት ደቂቃ በኋላ እንደገና ይመጣል።

ድልድይ ሁለትን ከሥሩ እለፉ። አሁን ብዙ ሰው የሚስተው ቦታ ደረሰ። በታችኛው መንገድ ቀጥ ብላችሁ ከሄዳችሁ ማንዴላን አታዩትም። ድልድዩን እንዳለፋችሁ በቀኝ ያለውን ደረጃ ወጥታችሁ ወደ ሮያል ፌስቲቫል አዳራሽ የላይኛው እርከን ሂዱ፤ በአዳራሹና በባቡር ድልድዩ መካከል ትልቅ የራስ ቅርጽ ታገኛላችሁ። እሱም በዚያው ዓመት በ1985 የተሠራ የዋልተርስ እጅ ነው። ማንዴላ ያኔ እስር ቤት ነበር፤ የተፈታው በ1990 ነው።

መንገድ ጠይቃችሁ ወደ ኋላ ወደ ፓርላማ አደባባይ ከተላካችሁ ሰውየው አልዋሸም። እዚያም በ2007 የቆመ የማንዴላ ሙሉ ሐውልት አለ፤ የሚገርመው እሱም የዋልተርስ ነው። እናንተ ግን «በፌስቲቫል አዳራሹ ያለው የራስ ቅርጽ» ብላችሁ ጠይቁ።

መጸዳጃ። አዳራሹ ክፍት ከሆነ እዚህ ግቡ፤ ክፍያ የለውም። ዝግ ከሆነ ቀጣዩ ብሔራዊ ቴአትር፣ ከዚያ ቴት ሞደርን ነው። ልጅ ይዛችሁ ከሆነ «ኋላ እሄዳለሁ» የሚለውን አትስሙ።

ደረጃ 4፦ ከስኬትቦርዱ ዋሻ እስከ አሸዋው

ወደ ታች ወርዳችሁ ቀጥሉ። በቀኝ ከሕንጻው ሥር በግራፊቲ ቀለም የተሸፈነ ዝቅ ያለ ቦታ ታገኛላችሁ፤ ከ1970ዎቹ ጀምሮ ወጣቶች ስኬትቦርድ የሚነዱበት ነው። በዚህ መንገድ ላይ በየቀኑ የሚለወጥ የጥበብ ሥራ እሱ ብቻ ነው፤ ትናንት ያያችሁት ሥዕል ዛሬ በሌላ ተሸፍኗል። ከአጥሩ ውጭ ቁሙ። ለፎቶ ብላችሁ ወደ ውስጥ ብትገቡ በፍጥነት የሚመጣው ልጅ ሊያቆም አይችልም፤ የሚሰበረው የእናንተ እግር ነው።

ከዋተርሉ ድልድይ (ሦስት) ሥር አሮጌ መጻሕፍት በጠረጴዛ ተደርድረው ይሸጣሉ። ዝናብ ቢጥል የመጀመሪያው መጠለያችሁ ይህ ነው።

ድልድዩን አልፎ ያለው የኮንክሪት ግዙፍ ብሔራዊ ቴአትር ነው፣ በ1976 የተከፈተ። አስቀያሚ ነው የሚል ብዙ ነው፤ እኔም ሦስት ጊዜ እስካየው ድረስ እንደዚያው እል ነበር። ከፊቱ የተቀመጡ ሁለት ሴቶች የነሐስ ሥራ አለ፤ «ለንደን ፕራይድ» ይባላል፣ የፍራንክ ዶብሰን ነው። ሰው ሐውልት መሆኑን ሳያይ አጠገቡ ተቀምጦ ሳንድዊች ይበላል።

ከዚህ ወዲያ መንገዱ በዛፍ ሥር ይጠባል። ጌብርኤልስ ዋርፍ ሲደርሱ ውሃው ጎድሎ ከሆነ አሸዋ ይታያል። እዚህ ቁምነገር አለ፦ ቴምዝ ከባሕር ጋር ስለሚገናኝ መሀል ለንደን ላይ ሳይቀር በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል፤ ልዩነቱ እስከ 7 ሜትር ይደርሳል።

ወደ አሸዋው ልትወርዱ ካሰባችሁ ይህን ፈጽሙ፦

— የዕለቱን የውሃ መሙያ ሰዓት አስቀድማችሁ በስልክ እዩ። ውሃው እየሞላ ከሆነ አትውረዱ።
— ደረጃው አረንጓዴ ሆኖ ካያችሁ አልጌ ነው፤ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል።
— ልጅ ብቻውን አይውረድ።
— ሸክላም ሆነ ሳንቲም አታንሱ። ከወንዙ ዳር ዕቃ መፈለግም ማንሳትም የለንደን ወደብ ባለሥልጣን ፈቃድ ይጠይቃል።
— ውሃው እግራችሁን ከነካ ወዲያው ውጡ። «አንድ ፎቶ ብቻ» አይባልም።

ደረጃ 5፦ ብላክፍራያርስ፣ ሁለት ድልድይ በአንድ ጊዜ

የኦክሶ ማማን በቀኝ አልፋችሁ ቀጥሉ። ማማው ላይ መስኮቶቹ ራሳቸው ፊደል ሆነው የድርጅቱን ስም ይጽፋሉ፤ ማስታወቂያ መስቀል ሲከለከል የተገኘ ዘዴ ነው።

ድልድይ አራት ሥር ያለውን መተላለፊያ በሩጫ አትለፉ። ግድግዳው ላይ በሸክላ ሰሌዳ የታተሙ የድልድዩ የድሮ ንድፎችና የግንባታ ሥዕሎች አሉ። ጨለም ያለ ስለሆነ ሰው ስልኩን እያየ ያልፋቸዋል። በአራትና በአምስት መካከል ደግሞ ወደ ወንዙ ተመልከቱ፤ ምንም ሳይሸከሙ ውሃ ውስጥ የቆሙ ቀያይ ምሰሶዎች አሉ። የፈረሰው የድሮ የባቡር ድልድይ እግሮች ናቸው።

መንገዱ ከተዘጋ። በዚህ አካባቢ የግንባታ አጥር ብዙ ጊዜ ያጋጥማል። ወደ ቀኝ አንድ ሕንጻ ያህል ግቡ፣ ከወንዙ ጋር ጎን ለጎን ሂዱ፣ በመጀመሪያው የግራ መታጠፊያ ተመለሱ። የቆጠራችሁትን የድልድይ ቁጥር አትርሱ።

ደረጃ 6፦ ቴት ሞደርንና ሚሌኒየም ድልድይ

99 ሜትር ጭስ ማውጫ ያለው የጡብ ሕንጻ ቴት ሞደርን ነው፤ የኤሌክትሪክ ማመንጫ ነበር፣ ከ2000 ጀምሮ ሙዚየም ነው። ከጠዋቱ 4 ሰዓት (10፡00) ይከፈታል፤ መደበኛው ትርኢት በነጻ ነው። ሁሉንም እንይ ብላችሁ አትነሱ፤ ግማሽ ቀን ይበላል። ተርባይን አዳራሹን እዩ፣ ውሃ ጠጡ፣ መጸዳጃ ግቡ፣ ውጡ። 30 ደቂቃ ይበቃል።

አሁን ወደ ሚሌኒየም ድልድይ (ስድስት) ውጡ። ዓይናችሁ ወዲያው ወደ ቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል ጉልላት ይሄዳል፤ ይሂድ። ከዚያ ግን ወደ እግራችሁ ተመልከቱ። በብረቱ ወለል ላይ ተጣብቀው የቀሩ ማስቲካዎች ላይ የጥፍር ያህል ሥዕሎች አሉ። ቤን ዊልሰን የተባለ ሠዓሊ በሆዱ ተኝቶ የሚስላቸው ናቸው። ይህን የምነግረው ሰው ሁሉ መጀመሪያ ይስቃል፣ ከዚያ አንዱን ሲያገኝ ተንበርክኮ ሌላውን ይፈልጋል። ለማግኘት ጠርዝ ጠርዙን ይዛችሁ በዝግታ ሂዱ፤ በዝናብ ጊዜ ቀለሙ ደመቅ ይላል፣ ወለሉ ግን ያንሸራትታል።

ድልድዩ ሰኔ 2000 ተከፍቶ ሁለት ቀን ሳይሞላው ተዘጋ። በጎን ሲወዛወዝ ሰው ላለመውደቅ እርምጃውን ከውዝዋዜው ጋር ያስተካክል ነበር፤ ያ ደግሞ ውዝዋዜውን ያባብሰዋል። መወዛወዙን የሚውጡ መሣሪያዎች ተገጥመውለት በ2002 ተከፈተ። ዛሬ አይነቃነቅም።

ጥንቃቄ። መሀሉ ድረስ ሂዱና በመጣችሁበት ተመለሱ። ማዶ ተሻግራችሁ ካቴድራሉን አይታችሁ በዚያው በሰሜኑ ዳር ከቀጠላችሁ በደቡቡ ዳር የሚቀጥሉትን ነገሮች አጣችሁ። ተሻግራችሁ ከነበረም ችግር የለም፤ በሳውዝዋርክ ድልድይ (ሰባት) ወደ ደቡብ ተመለሱ።

ደረጃ 7፦ ሰው የሚጠፋበት ክፍል

እስካሁን ወንዙ መርቷችኋል። ከዚህ ወዲያ ለአንድ ኪሎ ሜትር ያህል አንዴ ይታያል አንዴ ይጠፋል። ይህን ክፍል ከመጀመራችሁ በፊት እስከ መጨረሻው አንብቡት።

7.1. የሼክስፒርን ግሎብ ቴአትር በቀኝ አልፋችሁ ቀጥሉ። በሣር የተከደነው ነጭ ክብ ሕንጻ ነው፤ የድሮውን አስመስሎ በ1997 የተከፈተ።

7.2. ወዲያው ቤር ጋርደንስ የሚባል ጠባብ መንገድ በቀኝ ይመጣል። ጥጉ ላይ ግድግዳው ውስጥ የተቀረቀረ ጠባብ የድንጋይ መቀመጫ አለ፤ ወንዝ አሻጋሪ ጀልበኞች ደንበኛ የሚጠብቁበት የነበረ። ቁመቱ ከጉልበት አይበልጥም፤ ካላጎነበሳችሁ አታዩትም።

7.3. በሳውዝዋርክ ድልድይ (ሰባት) ሥር ባለው መተላለፊያ ግቡ። ግድግዳው ላይ በጥቁር ግራጫ ድንጋይ የተቀረጸ የሪቻርድ ኪንደርስሊ ሥራ አለ፤ ቴምዝ በረዶ ሆኖ ሕዝብ ገበያ ያቆመበትን ዘመን ያሳያል።

7.4. ስትወጡ ወንዙ ዳር አንከር የሚባል አሮጌ መጠጥ ቤት ይገጥማችኋል። እዚህ የወንዙ መንገድ ያበቃል። ወደ ቀኝ፣ ከዚያ ከባቡሩ ድልድይ (ስምንት) ቅስት ሥር ወደ ግራ ታጥፋችሁ ክሊንክ ስትሪት ግቡ። ወንዙ ሲጠፋ አትመለሱ፤ መንገዱ ይኸው ነው።

7.5. ክሊንክ ስትሪት ጠባብና ጨለም ያለ ነው። በቀኝ በኩል የዊንቸስተር ቤተ መንግሥት ፍርስራሽ አለ፤ አንድ ግድግዳ ብቻ፣ ከላዩ ክብ የድንጋይ መስኮት። ሰው በጥድፊያ ያልፈዋል፤ ቀና በሉ።

7.6. ጫፉ ላይ መርከብ አለ፣ የፍራንሲስ ድሬክ የጎልደን ሃይንድ ቅጂ። በመርከቡ ዙሪያ ወደ ቀኝ ዞራችሁ ወደ ሳውዝዋርክ ካቴድራል ሂዱ።

7.7. ከካቴድራሉ በስተ ወንዝ በኩል፣ ማለትም ካቴድራሉን በቀኛችሁ አድርጋችሁ፣ ሞንቴግ ክሎዝን ያዙ። መንገዱ በለንደን ብሪጅ (ዘጠኝ) ሥር ያልፋል። ድልድዩ ላይ አትውጡ።

7.8. ቱሊ ስትሪት ላይ ትወጣላችሁ፤ መኪና የሚበዛበት ነው። ወደ ግራ ታጥፋችሁ በሕንጻዎቹ መካከል ወደ ወንዙ የሚያወርደውን መተላለፊያ ፈልጉ። ካጣችሁት አትጨነቁ፤ በዚያው ቀጥሉና በግራ ሄይስ ጋለሪያ የሚለውን ትልቅ መግቢያ ስታገኙ ግቡ፤ ማዶው ወንዝ ነው።

ቢርባችሁ ከካቴድራሉ አጠገብ ባሮ ገበያ አለ። ሰኞ ዝግ ነው። ቅዳሜ ደግሞ ለመብላት ቆማችሁ፣ ለመቆምም ተጋፍታችሁ ነው። ልጅ ካላችሁ እጁን ያዙ፤ የጠፋ ልጅ የምትገናኙበትን ቦታ (ለምሳሌ የካቴድራሉ በር) ከመግባታችሁ በፊት ተነጋገሩ።

ደረጃ 8፦ እስከ ታወር ብሪጅ

ሄይስ ጋለሪያ ውስጥ «ናቪጌተርስ» የሚባል የዴቪድ ኬምፕ የብረት ሥራ አለ፣ 1987፤ ግማሹ መርከብ፣ ግማሹ ዓሣ፣ ግማሹ ማሽን። (ሦስት ግማሽ መሆኑን አውቃለሁ፤ ስታዩት ትስማማላችሁ።)

ወደ ወንዙ ወጥታችሁ ወደ ቀኝ ስትታጠፉ ወንዙ እንደገና በግራችሁ ሆነ። የጦር መርከቡ ቤልፋስት ነው፣ በ1938 ውሃ የነካ፣ ከ1971 ወዲህ ሙዚየም። ለመግባት ትኬት ያስፈልጋል፤ ከመንገዱ ላይ በነጻ በደንብ ይታያል።

ከዚያ ፖተርስ ፊልድስ መናፈሻ ሣር ላይ ተቀመጡ። የታወር ብሪጅ ፎቶ የሚነሳው ከዚህ ነው፣ ድልድዩ ላይ ሆናችሁ አይደለም።

ድልድዩ በ1894 የተከፈተ ነው፤ እስከ ዛሬ በዓመት ወደ 800 ጊዜ ያህል ለመርከብ ይከፈታል። የመክፈቻ ሰዓቱ በድልድዩ ድረ ገጽ ይወጣል፤ ከቤት ስትነሱ እዩት። ልትሻገሩ ስትሉ ደወልና ቀይ መብራት ከመጣ አትሩጡ፤ ከአጥሩ ወዲህ ቆማችሁ እዩ። ወለሉን መሻገር በነጻ ነው። ትኬት የሚጠየቀው ለላይኛው የመስታወት መተላለፊያ ነው።

ከመናፈሻው ወደ ድልድዩ በደረጃ ይወጣል። ጋሪ ወይም ዊልቸር ካላችሁ ወደ ቱሊ ስትሪት ተመልሳችሁ ታወር ብሪጅ መንገድን ይዛችሁ ውጡ።

ማዶ ስትደርሱ በቀኝ በኩል ወደ ወንዙ ውረዱ። ሁለት የ1973 ሥራዎች ጎን ለጎን አሉ፦ በፏፏቴ ላይ ከዶልፊን ጋር የምትንሳፈፍ ልጅ፣ የዴቪድ ዊን ሥራ፣ እንዲሁም በሰንሰለት የተያዘ ትልቅ የፀሐይ ሰዓት፣ የዌንዲ ቴይለር ሥራ። ደመና ከሆነ የፀሐይ ሰዓቱ አይሠራም፤ ለንደን ነው።

መሀል መንገድ ላይ ቢበላሽ

ደከመን። ጉዞውን ለማቋረጥ ሦስት ቦታ ይመቻል፦ ከደረጃ 4 ወደ ዋተርሉ ጣቢያ፣ ከደረጃ 5 ወደ ብላክፍራያርስ (በደቡቡ ዳር ራሱ መግቢያ አለው)፣ ከደረጃ 7 ወደ ለንደን ብሪጅ ጣቢያ። እግር ብቻ ከሆነ የደከመው የወንዝ ጀልባ አለ፤ ከባንክሳይድ ማረፊያ ተሳፍራችሁ ታወር ትወርዳላችሁ። በባቡር የምትጠቀሙበት ካርድ ይሠራል፣ ዋጋው ግን ከባቡሩ ይበልጣል። በጌጥ መብራት ያበደውን የሦስት እግር ብስክሌት ታክሲ ግን ዋጋ ሳትቆርጡ አትሳፈሩ።

ዝናብ መጣ። መጠለያ በቅደም ተከተል፦ ፌስቲቫል አዳራሽ፣ ዋተርሉ ድልድይ ሥር፣ ብሔራዊ ቴአትር፣ ቴት ሞደርን፣ ሄይስ ጋለሪያ።

ስልክ ተነጠቀ። ሰውየውን አታሳድዱ። ከጓደኛ ስልክ ባንካችሁን ደውላችሁ ካርዱን አዘጉ፣ ከዚያ ለፖሊስ በ101 አመልክቱ። ጉዳት ካለ ወይም ወንዝ ውስጥ የወደቀ ሰው ካያችሁ 999 ነው፤ ለወንዙ የባሕር ዳርቻ ጥበቃን ጠይቁ። ተከትላችሁ አትግቡ።

ድልድዩን መቁጠር ጠፋብኝ። ቀና ብላችሁ የቅዱስ ጳውሎስን ጉልላት ፈልጉ። ከወንዙ ማዶ ፊት ለፊታችሁ ከሆነ ስድስት ላይ ናችሁ። ወደ ግራ ኋላችሁ ከቀረ አልፋችሁታል።

መመለሻ

ከፀሐይ ሰዓቱ ወደ ታወር ምሽግ አቅጣጫ ተራመዱና ታወር ሂል ጣቢያን ፈልጉ። ዲስትሪክት ወይም ሰርክል መስመር ወደ ምዕራብ የሚሄደውን ያዙ፤ ሳትቀይሩ ዌስትሚኒስተር ያደርሳችኋል። ሁለቱም ጣቢያዎች ሊፍት አላቸው። ስትገቡ በጠዋቱ ካርድ ንኩ፤ ስትወጡም በእሱው።